ነጩ ሽጉጥ

አሮጌ ዕቃ ሲያይ እጁን የሚያሳክከው ሰው የሌለበት ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። የቆየ የእንጨት ሳጥን ሲያገኝ ቫርኒሽ ይደፋበታል። የአያት ወንበር ሲያገኝ ጠፍሩን በጥሶ የፕላስቲክ ገመድ ይጠልፍበታል። የአጥር በር ተቀብቶ ቀለም የተረፈ እንደሆነ ደግሞ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ማማተር ይጀምራል፤ የተረፈ ቀለም መድፋት ኃጢአት ነዋ! ክፋት የለበትም። እንዲያውም ከሁላችንም ይልቅ ለቤቱ ንብረት የሚቆረቆር እሱ ነው። ችግሩ ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ስለ እሱ መሆኑ ብቻ ነው።

በእኛ ቤት ይህን ሹመት የያዙት አጎቴ ናቸው። የሚኖሩት ፈረስ ቤት ነው፤ የደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከደንበጫ ሽቅብ የሚወጣባት፣ ድንችና ገብስ የሚታፈስባት፣ ቀትር ላይ እንኳ ጋቢ ከትከሻ የማይወርድባት አገር። ከአያቴ የወረሱት ሽጉጥ አላቸው። መምቻው ከጠፋ ቆይቷል፣ ጥይትም የለውም። የሚያስፈራው ነገር ቢኖር መልኩ ነበር።

ሽጉጡ ቤሬታ ነው፤ ሞዴል 1934 የሚባለው፣ የፋሺስት መኮንኖች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት። ትንሽ ናት። ካዝናዋ ሰባት ጥይት ትጎርሳለች፣ ክብደቷ ሰባት መቶ ግራም አይሞላም፣ ከካዝናዋ ግርጌ ትንሿ ጣት የምታርፍባት ምላስ ወጣ ብላለች። የፋብሪካው ባለቤቶች ብረት የጀመሩት ትናንት አይደለም። ጋርዶኔ በምትባል የሰሜን ጣሊያን ከተማ የሚኖረው ይህ ቤተሰብ ለቬኒስ መንግሥት የጠመንጃ አፈሙዝ የሸጠው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1526 ነው። ግራኝ አሕመድና ዐፄ ልብነ ድንግል ሽምብራ ኩሬ ላይ ከመግጠማቸው ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ከዚያ ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ ብረት ሲያለሰልስ የኖረ ቤት፣ ይህችን ሽጉጥ አይቶ አመዛዝኖ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሁንላት ብሎ ወሰነ።

አጎቴ ግን አልተዋጠላቸውም።

የመጀመሪያው በደል የተፈጸመው ትልቋን ልጃቸውን በዳሩ ጊዜ ነው። አማቾቹ የቡሬ ሰዎች ናቸው። ቡሬ ሞቅ ያለች፣ መኪና የሚበዛባት፣ ነጋዴ የማይጠፋባት ከተማ ስለሆነች፣ አጎቴ የደጋ ሰው ተብለው እንዳይናቁ ሰጉ። ሽጉጡን ይዘው አዲስ አበባ ወረዱና የመኪና መከላከያ ክሮም ለሚነክር አንድ ቤት ሰጡት። ባለሙያው መከላከያ ነው የሚያውቀው፤ መከላከያ ላይ ደግሞ የሚነበብ ነገር የለም። መጀመሪያ በሚሽከረከር ድንጋይ ፋቀው። ጠርዞቹ ሟሙ፣ የፋብሪካው ፊደሎች ደበዘዙ፣ የንጉሡ ጦር ዘውድ የአተር ፍሬ አክላ ቀረች። ከዚያ መዳብ ነከረው፣ በመዳቡ ላይ ኒኬል፣ በኒኬሉ ላይ ክሮም። በነጠላ ላይ ጋቢ፣ በጋቢ ላይ ካባ ደርቦ እንደወጣ ሰው ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ሲያወልቅ ብቻ ነው።

በሠርጉ ቀን ሽጉጡ ከሙሽራዋ ይልቅ አበራ። ከሙሽራው ወገን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ላይተር መስሏቸው ሲጋራቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተጠጉ ይባላል። አጎቴ ይህን ወሬ ይክዳሉ። የሠርጉ ፎቶግራፍ ግን አልካደም፤ ብልጭታው መትቶበት ከአጎቴ ወገብ ላይ ሌላ ትንሽ ፀሐይ የወጣች ይመስላል።

ሁለተኛው በደል የመጣው ክሮሙ መላላጥ ሲጀምር ነው። የደጋ ዳሞት ጭጋግ ክሮም አያከብርም። በተሰነጠቀችው ሁሉ ሾልኮ እየገባ ከሥር ብረቱን ይበላዋል፤ ከላይ ቅርፊቱ ይነሣል። አጎቴ በዚያው ሰሞን የአጥሩን በር የብር ቀለም አስቀብተው ነበር። የተረፈ ቀለም ነበረ። የቀረውን ለእናንተ ልተወው። ሲቀቡት ሽጉጡን እንኳ አልፈቱትም፤ ቀለሙ ምላጩን ከማቀፊያው ጋር አንድ ላይ አጣብቆ፣ ወደ አፈሙዙም ገብቶ ደርቋል። አንዲት የብሩሽ ፀጉርም እዚያው ቀርታለች።

እጀታው ሌላ ጉድ ነው። የጥንቱ ጥቁር ፕላስቲክ ሲሰበር አጎቴ በገዛ እጃቸው ከወይራ ጠርበው አንበሳ ቀረጹበት። እሳቸው አንበሳ ነው ይላሉ። እኛ ልጆች ሳለን ውሻ ነው ብለን ተወራርደን ነበር፤ ውርርዱ እስካሁን አልተፈታም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንምጣ፤ ሽጉጥ ያለ ታሪክ አይወረስምና። አጎቴ እንደሚተርኩት አያቴ ይህን ሽጉጥ የማረኩት ቡሬ ላይ ነው፣ በ1933፣ ጣሊያን ሲሸሽ፣ ከአንድ ኮሎኔል ወገብ። ዘመኑና ቦታው ከታሪክ መጽሐፍ ጋር አይጣላም። ጎጃም በ1930 ነው አንድ ላይ የተነሣው፤ ጣሊያን መሣሪያህን አስረክብ ሲለው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በዳሞትና በአገው ምድር፣ ልጅ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ በምሥራቁ በኩል ጠላትን ከየምሽጉ እንዳይወጣ አድርገው ይዘውታል። ጃንሆይ በጥር 1933 ከሱዳን ሲገቡ ዊንጌት የሚባለው እንግሊዛዊ ጌዴዎን ብሎ የሰየመውን ጦር ይዞ ከፊት ከፊታቸው ይሄድ ነበር። ጦሩ ትንሽ ነበር፤ ቡሬ ላይ የነበረው ኮሎኔል ናታሌ ግን የከበበው ስንት እንደሆነ መቁጠር አልቻለም። በየካቲት ማብቂያ ብዙ ሺህ ወታደሩን ይዞ ቡሬን ለቀቀና በማንኩሳና በደንበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ነካው። መጋቢት 28 ቀን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

እንግዲህ ኮሎኔል አለ፣ ሽሽት አለ፣ ቡሬ አለች። አንድ ሽጉጥ ከዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ ቢጎድል ማን ይጠይቃል? አጎቴ ማስረጃም አላቸው። ያ ክሮም ነካሪ ከፋቃቸው ፊደሎች ሁሉ የተረፉት ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ በክሮሙም በብር ቀለሙም ሥር በጣት ሲዳበሱ የሚታወቁ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የተጋደሙ መስቀሎች። አጎቴ ለእንግዳ ሁሉ ጣቱን ይዘው ያስዳብሱታል።

«አባቴ ናቸው የቀረጿቸው» ይላሉ። «አንዱ ለኮሎኔሉ፣ አንዱ ለአጃቢው።»

እኔም በልጅነቴ ዳብሻለሁ። ጣቴ በስመ አብ ሊል ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሊኖር ይችል ነበር፤ አንድ የሚያዝያ 27 በዓል ባይመጣ። አጎቴ ጎፈርና ካባ ለብሰው፣ ሽጉጡን ታጥቀው ከአርበኛ ልጆች ጋር ተሰለፉ። አንድ የትምህርት ቤት ልጅ፣ ልጅ ክፉ ነው፣ ጮክ ብሎ «የአርበኞች ሽጉጥ ነጭ ነበር እንዴ?» ብሎ መምህሩን ጠየቀ። መምህሩ መልስ አልሰጡም፤ ሳቃቸውን ግን መዋጥ አልቻሉም። አጎቴ ያን ቀን ማታ ስልክ ደወሉልኝ።

«አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። ይህ ከመጣ ሥራ ሊሰጡኝ መሆኑን አውቃለሁ። «ይህን ሽጉጥ ወደ ጥንቱ የሚመልስልኝ ሰው ፈልግ።»

ሰው ማግኘቱ አልከበደም። ፍኖተ ሰላም በቀድሞው ጦር ውስጥ ዕድሜያቸውን በመሣሪያ ጥገና የጨረሱ አንድ ጡረተኛ ጋሼ አሉ። የከበደው ወረቀቱ ነው። ዘመኑ አዲሱ የመሣሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 1177/2012፣ የወጣበት ስለነበር በሕግ መሥራት ይበጃል አልን። አጎቴ ፈቃዳቸውን ይዘው ወደሚመለከተው ክፍል ሄዱ። መዝጋቢው ወጣት ጨዋ ነበር። ፈቃዱን አገላብጦ አየና እንዲህ አለ፤

«አባባ፣ እዚህ ላይ መልኩ ነጭ ነው የሚለው።»

«ነጭ ነው እንጂ። ጥቁር ላደርገው ነው።»

«ጥቁር ሆኖ ከመጣማ ሌላ ሽጉጥ ነው። ነጩስ የት ገባ ብባል ምን እመልሳለሁ?»

አጎቴ ቀድሞ ጥቁር እንደነበረ፣ ነጭ ያደረጉት ራሳቸው እንደሆኑ፣ አሁን የሚያደርጉት ወደ እውነተኛ መልኩ መመለስ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። ወጣቱ በጥሞና ሰምቶ የፈቃዱን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አስተያየና «ነጭ» የሚለውን ሳይሰርዝ ከጎኑ «ሊጠቁር ነው» ብሎ ጻፈበት። እስካሁን እንደዚያው ነው። ሽጉጡ በመንግሥት መዝገብ ላይ ነጭም ነው፣ ሊጠቁርም ነው።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ጋሼ ሽጉጡን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ባዶ መሆኑን ራሳቸው ፈትሸው ካረጋገጡ በኋላ ነው ያዩት፤ አጎቴ «መምቻ የለውም እኮ» ሲሉ «የለውም የተባለ ስንት ሰው ገድሏል» አሏቸው። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አኖሩትና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የሐኪም ዝምታ ነበር።

«ማን ነው?» አሉ በመጨረሻ። ማን እንደሆነ የገባን ሁላችንም አጎቴን ላለማየት ጣራ ጣራ አየን።

የብር ቀለሙ ብዙ አላስቸገረም። ላምባ በጨርቅ ነክረው ሲያሹት፣ በጠባቡ ሥፍራ ደግሞ በተቀረጸ የቀርከሃ ስንጥር ሲጎረጉሩት እየተቀረፈ ወጣ። እኔ ብርጭቆ ወረቀት ላቀብላቸው ብል እጄን መቱት። በዚህ ሥራ ብርጭቆ ወረቀትና ሞረድ የሚነሡት ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ነው ይላሉ። የተቀባ ይነሣል፣ የተፋቀ ግን አይተካም። በውጭው ዓለም አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከነዝገቱና ከነጭረቱ የቆየው እንደ አዲስ ከተወለወለው ብዙ ዕጥፍ ይወደዳል። በእኛ አገር ይህን ለማመን ይከብዳል። የጥንት ሥዕል ደብዝዟል ተብሎ ስንት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በዘይት ቀለም ተደምድሟል! ቅዱስ ጊዮርጊስ ጉንጩ ቀይ፣ ፈረሱ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል፤ ያሳሉት ምእመን ስም ደግሞ ከቅዱሱ እግር ሥር በትልቁ ተጽፏል።

ክሮሙን ለማንሣት ጋሼ የራሳቸው መላ አላቸው፤ በዓይናችን እንድናየውም አልፈቀዱም። ተመልሰን ስንመጣ ክሮሙና ኒኬሉ ሄደው ሽጉጡ ከእግር እስከ ራሱ መዳብ ለብሶ ቆየን፤ ቀይ፣ ሞቅ ያለ። አጎቴ ዓይናቸው በራ።

«እንዲህ ሆኖ ቢቀርስ?» አሉ።

ጋሼ መልስ ሳይሰጡ በጨርቅ ሸፈኑት።

መዳቡም ከተነሣ በኋላ ነው ያ ጉድ የመጣው። ብረቱ ዕራቁቱን ወጥቷል፤ ግራጫ፣ እዚህም እዚያም ዝገት የበላው። ጋሼ የጠመኔ ብናኝ በጣታቸው አንሥተው በጎኑ ላይ አሹበትና ትርፉን በጨርቅ ጠረጉት። ደብዛቸው የጠፋ የመሰሉን ፊደሎች ነጭ ነጭ እያሉ ብቅ አሉ። የቤሬታ ስም ግማሹ ተነበበ። ጋርዶኔ ተነበበ። ከዚያ ዓመቱ፤ የመጨረሻዋ አኃዝ ጭራዋ ብቻ ነው የቀረው፤ ጋሼ በአጉሊ መነጽር ሁለት ናት አሉ። 1942።

ከጎኑ ሁለቱ የአያቴ መስቀሎች።

«እነዚህንማ አባቴ ናቸው...» ብለው አጎቴ ጀመሩ።

«ይህ የሮማውያን አኃዝ ነው» አሉ ጋሼ ቀና ሳይሉ። «ሃያ ማለት ነው።»

ሙሶሊኒ ዘመን የሚቆጠረው ከክርስቶስ ሳይሆን ከእኔ ነው ብሎ ነበር። በጥቅምት 1915 በእኛ አቆጣጠር ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ወደ ሮማ ከዘመቱበት ቀን አንድ ብሎ ጀመረ። ስለዚህ በዘመኑ ብዙ የጣሊያን ሽጉጥ ሁለት ዓመት ተጽፎበታል፤ አንድ የክርስቶስ፣ አንድ የሙሶሊኒ። ሃያኛው ዓመት ከጥቅምት 1934 እስከ ጥቅምት 1935 ነው። ከፈረንጁ 1942 ጋር ልክ ይገጥማል። እንግዲህ አያቴ ከኮሎኔሉ ወገብ ማረኩት የተባለው ሽጉጥ፣ ኮሎኔሉ ቡሬን ለቆ ሲሸሽ ገና አልተሠራም። ምናልባት ብረቱ ከድንጋዩ አልወጣም ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የላምባው ሽታ ብቻ ቀረ። አጎቴ ጣታቸውን አውጥተው ይቆጥሩ ጀመር።

«ከፈረንጅ ወደ እኛ ስምንት ይቀነሳል አይደል?»

«ስምንት።»

«1934 መጣ። ቡሬ በ1933 ነው። አንድ ዓመት ነው የጎደለችው።» ቀና ብለው ጋሼን ተማጸኑ። «የአንድ ዓመት ስሕተት አይኖርም? ጸሐፊው ቢሳሳት?»

ጋሼ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዲያ ዓይነት የፋብሪካ ስሕተት እንደማያውቁ ተናገሩ። አጎቴ ትንሽ ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና ያን ክሮም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ፣ የአውራ ጣት ስፋት ያህል፣ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ።

አጎቴን አልፈርድባቸውም። ሰው ያረጀ ነገር ሲያድስ የሚጠብቀው የሚያውቀውን ነገር አዲስ ሆኖ ማየት ነው፤ የማያውቀው ነገር ከሥር ብቅ ሲልበት ያ ሁሉ ቀለም ምን ይጠብቅ እንደነበር ይገባዋል።

የቀረው ማጥቆሩ ነበር። ጋሼ የሚሠሩት በድሮው መንገድ ነው፤ ብረቱን አጥበው፣ ቅባት የሚባል እንዳይቀርበት አድርገው፣ የራሳቸውን ውኃ ይቀቡና እርጥበት ባለበት ቦታ ስስ ዝገት እንዲያወጣ ይተዉታል። ቀይ ዝገት ሲለብስ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይቀቅሉታል። ቀዩ ዝገት ሲፈላ ጥቁር ይሆናል። በስስ ሽቦ ብሩሽ ልሙ ይጠረጋል፤ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ይዝጋል፣ እንደገና ይቀቀላል፤ መልኩ እስኪጠልቅ ድረስ። የጠመንጃ ጥቁረት የሚባለው በሥርዓት ያደገ ዝገት ነው። ይህን ስሰማ ተገረምሁ፤ አጎቴ ግን ሐምሌ ላይ ፈረስ ቤት በነፃ የሚታደለውን ነገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ ማሠራቱ ነው የገረማቸው።

«ፍኖተ ሰላም ለዚህ አትሆንም፣ ትሞቃለች» አሉ ጋሼም። «የእናንተ አገር ጭጋግ ነው የሚበጀው።»

እንዲህ ሆኖ ሐምሌ ላይ ጋሼን ይዘን፣ በጂጋ አድርገን፣ ከደንበጫ ሽቅብ በጭቃው እየተንሸራተትን ፈረስ ቤት ወጣን። ጭጋጉ እስከ ደጃፉ መጥቶ ቆሟል። ሽጉጡን ከማጀቱ በር ላይ በሽቦ አንጠለጠልነው። ዘመኑን ሁሉ ጠላታችን የነበረ ጭጋግ አሁን ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ሆነ፤ ሲነጋ ብረቱ ላይ ስስ ቀይ ሻሽ አልብሶት ተገኘ።

ለመቀቀል ድስት ያስፈልጋል። የነበረው ድስት የአክስቴ ነው።

አክስቴ የአጎቴ ታላቅ ናቸው፤ እዚያው ጎረቤት ነው የሚኖሩት። ለድንች መቀቀያ የሚያኖሩትን ትልቁን ብረት ድስት ፈልገው ሲያጡት ተከትለውት መጡ። ክዳኑን ከፈቱና ወደ ውስጥ አዩ። ውኃው ዝገት መስሏል፣ ሽጉጡ ከግርጌ ተጋድሟል።

«እንኳን ለዚህ አበቃኝ» አሉ። «በእኔ ድስት ሽጉጥ ይቀቀላል?»

«እታለም፣ የአባታችን ቅርስ እኮ ነው» አሉ አጎቴ። «ቡሬ ላይ የማረኩት።»

«ማን ናቸው የማረኩት?»

«አባታችን!»

አክስቴ ክዳኑን መለሱና በርጩማ ስበው ተቀመጡ። መቀመጣቸው ሊቆዩ እንደሆነ ያስታውቃል። አባታቸው ሽጉጥ ማረክሁ ሲሉ ሰምተው አያውቁም። አያቴ በጠላት ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ፤ ለአርበኞች በሶና ቆሎ፣ አንዳንዴም በበሶው ሥር ጥይት እየደበቁ ያመላልሱ ነበር፤ ያንንም ቢሆን ሲጠየቁ እንጂ ራሳቸው አንሥተው አያወሩም። ሽጉጧን የገዙት ኋላ ነው፤ ደንበጫ ላይ፣ ወይፈን ሸጠው። ብዙም አልቆየች፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ መሣሪያ ይመዝገብ ያሉ ጊዜ አያቴ ጠመንጃቸውን አስመዘገቡና ሽጉጧን ገብስ ጎተራ ውስጥ ቀበሯት። በ1960 ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብሎ ጎጃም ሲነሣ፣ ደጋ ዳሞት ከፊት ሆኖ ወታደርና አውሮፕላን ሲመጣበት፣ አክስቴ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጅ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሽጉጧ ከጎተራው አልወጣችም። ጥይት ይዛ እንደሆነም የሚያውቅ የለም።

«ታዲያ የቡሬው ወሬ ከየት መጣ?» አልሁ።

«ከዚህ ነዋ!» ወደ ወንድማቸው አገጫቸውን ቀሰሩ። «አዲስ አበባ ወስዶ ያብለጨለጨው ጊዜ። የቡሬ አማቾች ከየት የመጣ ነው ቢሉት በወይፈን ነው የተገዛ ሊል ነው? እስከዚያ ቀን ድረስ አባታችን ማንንም አልማረኩም። ከሠርጉ በኋላ ነው መማረክ የጀመሩት።»

እኔ በሆዴ ክሮሙንና ታሪኩን አንድ ሰሞን የነከራቸው ቤት አንድ ነው አልሁ። ጋሼ የሰሙ አይመስሉም፤ ሽጉጡን በሽቦ አውጥተው ብሩሽ ያሹበት ነበር። ከቀዩ ልም ሥር ጥቁር፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ገና ስስ የሆነ መልክ ብቅ ብሏል። የተፋቀችው ዘውድ አልተመለሰችም። ዝገት የበላቸው ጉድጓዶችም አሉ። ጋሼ አልሞሏቸውም። የወይራውን እጀታ ግን እንደነበረ ይግባ አሉ፤ ያ እንደ ክሮሙ አይደለም፣ እሱ በእጅ የተሠራ ነው አሉ። አንበሳ መሆኑን የጠየቃቸው የለም።

አጎቴ በዚህ ሁሉ መሃል ዝም ብለው ነበር። ዝምታቸውን ያየ ሰው ኀዘን ይመስለዋል። እኔ ግን ጣቶቻቸው ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ ይቆጥራሉ።

«አንተ» አሉኝ፣ «ጎንደር መቼ ነው የተለቀቀችው?»

«ኅዳር 1934። ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠ ጊዜ።»

«የሙሶሊኒ ሃያኛ ዓመትስ የሚገባው?»

«ጥቅምት 1934።»

«ይኸው!» ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «ጥቅምት ላይ ተሠርቶ ኅዳር ላይ ጎንደር መድረስ ያቅተዋል?»

ባሕሩን እንግሊዝ እንደዘጋው ነገርኋቸው። በአውሮፕላን ይመጣል አሉ። 1942 የሚለውስ? ያኔ እኮ ገና 1941 ነው አልኋቸው። ለዚህም አልጠፋቸውም፤ ነጋዴ ዕቃው አሮጌ እንዳይመስልበት ዓመቱን አስቀድሞ ይጽፋል፣ መድኃኒት ላይ የማይመጣ ቀን ይጻፍ የለም ወይ አሉ። ናሲም ጄኔራል ነው፤ ጄኔራል ከኮሎኔል ይበልጣል። ነገሩ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ማዕረግ አደገ።

አክስቴ ከበርጩማቸው ተነሡ። ድስቱን አዘንብለው ውኃውን ደፉና ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን ቀይ ዝገት በጥፍራቸው ሞከሩት።

«አባታችን ጎንደር የሄዱት አንድ ጊዜ ነው» አሉ። «እሱም በደርግ ጊዜ፣ ለዓይናቸው።» ድስቱን ለአጎቴ አቀበሏቸው። «በል፣ አሁን ይህን ወደ ጥንቱ መልስልኝ።»